ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምራል?

ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ መሪ የጨበጠው ማክሰኞ፣ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 መሆኑ ነው። ቀኑን የያዝኩት ማርያም ስለነበረች ነው። ዓድዋ ሊከበር ሁለት ቀን ቀርቶታል። ገና ቀትር ሳይሆን በሩ ሲከፈት ደነገጥኩ። የሆቴሉን ቫን ቁልፍ ለአለቃው አስረክቦ መጥቷል። "እግሬ ፍሬኑን ፈልጎ አጣው" አለኝና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ኩሽና የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ፣ በ21 ቁጥር ሥር፣ በእስክርቢቶ "ሥራ አቆመ" ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩ እንጃ። የእቁብ ቀንም የሐኪም ቀጠሮም እዚያው ላይ ስለምጽፍ ይሆናል።

እነዚያ ሁለት ቃላት በኋላ የሦስት ወር የዲሴቢሊቲ ገንዘብ፣ ማለትም ሕመም ሥራ ላስቆመው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፍለውን፣ አስገኙልን። ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስም በሦስት ወር አስቀደሙልን።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ እየኖራችሁ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ቤታችሁ ለገባባችሁ ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አረጋውያን ማቆያ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ረዳት ነርስ ነኝ። የማውቀው በራሳችን ላይ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ያነበብኩትን ነው።

ከሕመሙ ልጀምር። መጀመሪያ ፓርኪንሰን ነው ተባልን። እጁ ዘገየ፣ ፊርማው እያነሰ እያነሰ ሄዶ የጉንዳን መንገድ መሰለ። ሌሊት በሕልሙ ይጮኻል፣ ትራሱን ይደበድባል። ከአልጋ ሲነሳ የደም ግፊቱ ድንገት ይወርድና ዓይኑ ይጨልማል። ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ወድቋል። ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ሰጡት፤ ያን ያህል አልረዳውም። ሥራ ካቆመ በዘጠነኛው ወር ነው ትክክለኛው ስም የመጣው፦ መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ። እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን የደም ግፊትን፣ ሽንትን፣ ድምፅን የሚቆጣጠሩትን የአንጎል ሕዋሳት የሚያጠፋ ሕመም ነው። መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሴቢሊቲ የሚሰጠው ሠርቶ ታክስ ለከፈለ ሰው ነው። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያበቃ መሆን አለበት። ይህ ተሟልቶ "አዎ፣ መሥራት አይችልም" ከተባለ በኋላም ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙሉ ወራት አይከፈሉም። ክፍያው የሚጀምረው ከስድስተኛው ወር ነው። ያም ቢሆን የአንድ ወር ገንዘብ የሚገባው በሚቀጥለው ወር ነው።

ብዙ ሰው "ችግር የለም፣ ኋላ አጠራቅመው ይሰጡናል" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። የአምስቱ ወር ግን አይጠራቀምም። ቀልጦ ይቀራል። የሚጠራቀመው ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ውሳኔው እስኪመጣ የዘገየው ነው።

ደንቡ የቆየ ነው። ፕሮግራሙ በ1956 ሲወጣ ጥበቃው ስድስት ወር ነበር፤ በ1972 አምስት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕመም ብቻ ነው ከዚህ ያመለጠው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የጥበቃው ሐሳብ ለጊዜው ታሞ የሚድነውን መለየት ነው። እየባሰበት የሚሄድ ሰው አምስት ወር የሚጠብቀው ምን ሊለይ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። አምስቱ ወር የሚቆጠረው ካመለከታችሁበት ቀን አይደለም፤ ሐኪሙ የሕመሙን ስም ከነገራችሁ ቀንም አይደለም። ሕመሙ መሥራት ካስቆመበት ቀን ነው። እነሱ ኦንሴት ዴት ይሉታል።

"ሙሉ ወር" የሚለውም ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ ሥራ ያቆመው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ስለሆነ ማርች ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ሙሉ ሆኖ ተቆጠረለት። ማርች፣ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይ፤ አምስት። የመጀመሪያው የሚከፈል ወር ኦገስት ሆነ። ቀኑ ማርች 2 ቢባል ኖሮ፣ ማለትም በዓድዋ ዕለት፣ ማርች ሙሉ ስላልሆነ ይጣላል። ቆጠራው ከኤፕሪል ይጀምርና መጀመሪያ የሚከፈለው ሴፕቴምበር ይሆናል። በማርያምና በዓድዋ መካከል የአንድ ወር ገንዘብ አለ ማለት ነው።

እኛ ግን መጀመሪያ ተሳሳትን። ጁን ላይ ማመልከቻውን የሞላችው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ነች። ቅጹ "ከመቼ ጀምሮ መሥራት አልቻልክም?" ሲል ተያየን። እኔ "ሐኪሙ መኪና እንዳትነዳ ያለው መቼ ነበር?" አልኩ። ሜይ 16 ነው። ጻፈችው። በእኛ ቤት ሐኪም ያላለው ነገር እንዳልሆነ ነው የሚቆጠረው። ወረቀት ያለው ለዚያ ቀን ስለሆነ እውነቱም እሱ መሰለን። ሜይ 16 ሲሆን ጥበቃው ከጁን እስከ ኦክቶበር ይሄዳል፤ ክፍያ የሚጀምረው ኖቬምበር ነው። ማንም አላታለለንም። በገዛ እጃችን ሦስት ወር ጣልን።

ኦክቶበር ላይ ደግሞ የተባለው ሁሉ ቀረና ደብዳቤ መጣ። አልተፈቀደም። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ይችላል ይላል። ማስረጃ ብለው ከጠቀሱት ውስጥ የሐኪሙ ማስታወሻ አለ፦ "ታማሚው ደህና እንደሆነ ተናግሯል።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ የእኛው የራሳችን ጉድ ነው።

በዚያ ቀጠሮ ዕለት ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ጣቱ ደከመ። ልርዳህ ስለው "ተይኝ" አለ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ነበር፤ መኪና ውስጥ አስተካከልኩለት። እዚያ ደርሰን ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲለው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ለእኛ ይሄ ሰላምታ ነው። ሰው ሞቶበት የተቀመጠ ሰው እንኳን ሲጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሐኪሙ ግን ኮምፒውተሩ ላይ መልስ አድርጎ ጻፈው። ያ ጽሑፍ በየፋይሉ ዞሮ ዞሮ ውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ልብሱን ስለመልበስ፣ ስለማብሰል፣ ስለመታጠብ የሚጠይቀውን ቅጽ፣ ቁጥሩ 3373 ነው፣ ስንሞላም እንደዚሁ ነበር። "ራስህ ትለብሳለህ?" ለሚለው "አዎ" ብሎ አስጻፈ። እውነቱን ነው፤ ይለብሳል። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትና ከዚያ በኋላ ለማረፍ እንደሚተኛ ግን አልጻፍንም። የሚፈለገው ያ ነበር። ከእምቢታው በኋላ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ገጽ እጽፍ ጀመር። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ወደቀ፣ ስንት ጊዜ ትን አለው፣ ከወንበር ለመነሳት ማን ያዘው። ከቻልኩ ቁጥር አስገባለሁ። ወረቀቱን ለሐኪሙ እሰጥና "እባክዎ ፋይሉ ውስጥ ያስገቡልኝ" እላለሁ። አንድም ቀን እምቢ ያለኝ የለም።

ሌላው ጥፋታችን ልጃችንን አስተርጓሚ ማድረጋችን ነው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ሐኪሙ ስለ ሽንት ሲጠይቅ አባቷ ወደ እሷ አየና "ምንም የለም በይው" አለ። ሴት ልጁ ፊት ሽንቴ ያመልጠኛል እንዴት ብሎ ይናገር? ኖቬምበር ላይ ወደ ሌላ የነርቭ ሐኪም ስንሄድ ግን ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበ። በነጻ ነው፤ መብታችሁም ነው። ድምፁ የሸመገለ ሐበሻ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እዚህ የለሁም ብለው ይናገሩ" አለው። ባለቤቴ ሳቀ። ከዚያ ዘረገፈው። ሽንቱን፣ መሽናት እየፈለገ እንቢ የሚለውን፣ ቆሞ ሲወዛወዝ የሚጨልምበትን። ሐኪሟ ስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው። ተኝቶም ተነስቶም ግፊቱን አስለካች። የፓርኪንሰኑን ስም ያስቀየረው የዚያን ቀን ጨዋታ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲም ስትደውሉ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ ገና ሲነሳ ቋንቋችሁን ተናገሩ።

አዲሱ ስም ለምን አስፈለገ? ሶሻል ሴኩሪቲ ኮምፓሽኔት አላዋንስ የሚባል ዝርዝር አለው። በ2008 በ50 ሕመም ነው የተጀመረው፤ አሁን ከ280 በላይ ደርሷል። በዝርዝሩ ላይ ያለ ሕመም ከሆነ ፋይሉ ወረፋ ሳይጠብቅ ይወጣል። መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ አለበት። ፓርኪንሰን ብቻውን ግን የለም። ለዚህ ለብቻው ማመልከት አያስፈልግም፤ የሕመሙ ስም በትክክል ከተጻፈ ሲስተሙ ራሱ ይለየዋል። ስለዚህ ስሙን ከሐኪሙ ደብዳቤ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። እኛ በመጀመሪያው ማመልከቻ "የነርቭ ችግር፣ መንቀጥቀጥ" ብለን ነበር የጻፍነው።

ግን እዚህ ላይ አትሳሳቱ። ዝርዝሩ የሚያፋጥነው ውሳኔውን ነው። አምስቱን ወር አያነሳም። በሦስት ሳምንት "ተፈቅዷል" የተባለ ሰውም አምስቱን ወር ይጠብቃል። አንዲት ጓደኛዬ "ተፈቀደልን" ብላ ደስታዋን ነግራኝ፣ በሳምንቱ ደብዳቤውን አንብባ እያለቀሰች ደውላልኛለች።

እምቢ ከተባላችሁ ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን 60 ቀን አላችሁ። ደብዳቤው ከተጻፈ በአምስት ቀን ደርሷል ተብሎ ይታሰባል። የመጀመሪያው ደረጃ እንደገና ይታይልኝ ማለት ነው፤ ሪኮንሲደሬሽን ይሉታል። እባካችሁ ተናዳችሁ ፋይሉን ትታችሁ አዲስ ማመልከቻ አታስገቡ። ወደ ኋላ ተመልሰው የሚከፍሉት ካመለከታችሁበት ቀን ቢበዛ 12 ወር ነው፤ አዲስ ስትጀምሩ የድሮው የማመልከቻ ቀን ሊጠፋባችሁ ይችላል።

የይግባኙን ቅጽ ስንሞላ ነው ካላንደሩ ትዝ ያለኝ። ልጃችን "እማዬ፣ አባዬ በትክክል ሥራ ያቆመው መቼ ነው?" አለች። ተነስቼ ከካርቶን ውስጥ አወጣሁት። የካቲት 21። እሷ ስልኳ ላይ ወደ ፈረንጅ ቀየረችውና ዝም ብላ አየችኝ።

በእርግጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ የማርያም ካላንደር ማስረጃ አይሆንም። ባለቤቴ የሠራበትን ሆቴል የደመወዝ ክፍል ስንጠይቅ ደግሞ የመጨረሻ ቀኑ ማርች 10 ነው አሉን። ለካስ የቀረችውን የዓመት ፈቃድ እየከፈሉት ስለነበር ስሙ እስከዚያ ቀን መዝገብ ላይ ቆይቷል። ፈቃድ ላይ ሆኖ የተከፈለ ገንዘብ ሥራ አይደለም፤ ወረቀቱ ግን ይህን አይለይም። የቅርብ አለቃውን ለመንነው። ደግ ሰው ነው፣ አንዲት አንቀጽ ጻፈልን፦ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳው ፌብሩዋሪ 28 ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የተጠራቀመ ፈቃድ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትም የእንግዶችን ሻንጣ የሚጭኑለት ባልደረቦቹ ነበሩ። የሻንጣዋን ነገር እኛ አላሰብናትም ነበር። ጥሩ ነገር ነች። ሰው እየረዳው የሠራውን ሥራ ሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ሙሉ ሥራ ላይቆጥረው ይችላል።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ተፈቀደ። ቀኑ ለመጨረሻ ጊዜ በሠራ ማግስት፣ ማርች 1 ቀን 2023 ተብሎ ጸደቀ። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር የተጠራቀመው አንድ ላይ ገባ። የ14 ዓመት ልጃችንም በአባቱ ስም ድርሻ አገኘ፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለብቻው ይመለከታል፣ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

አሁን ያመለጠውን ሕመም ልንገራችሁ። እዚያው ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል አንዲት ሴት ተዋወቅን። ባሏ ኤ ኤል ኤስ የሚባል፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ ሕመም አለበት። ስለ አምስቱ ወር ሳጫውታት "እኛ እኮ ምንም አልጠበቅንም" አለች። በ2020 መጨረሻ ኮንግረስ ለኤ ኤል ኤስ ታማሚዎች ብቻ አምስቱን ወር አንስቷል። የሜዲኬሩን የሁለት ዓመት ጥበቃ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ነው የተነሳላቸው። ባሎቻችን ጎን ለጎን ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም መናገር እያቃታቸው ነው። ቅናት አይደለም፣ ለእሷ ደስ ብሎኛል። ግን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብዬ ነዳሁ። ሀንቲንግተን ለሚባለው የአንጎል ሕመምና ለተሰራጨ የጡት ካንሰርም ተመሳሳይ ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቧል። የኩላሊት ድካም የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ በሌላ መንገድ ይስተናገዳል፤ ሜዲኬሩ ብዙውን ጊዜ ዳያሊሲስ በጀመረ በአራተኛው ወር ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥበቃ፣ የሜዲኬሩ፣ ከአምስቱ ወር ይከፋል። ዲሴቢሊቲ የሚከፈልባቸው ወራት 24 እስኪሞሉ ሜዲኬር የለም። አምስቱን ስትጨምሩበት 29 ወር። ለእኛ ከኦገስት 2023 ተቆጥሮ ኦገስት 1 ቀን 2025 ሆነ። በሜይ 16 ብንቀር ኖሮ ኖቬምበር 2025 ነበር።

እስከዚያ ኢንሹራንስ ከየት ይምጣ? እኛ የያዝነው ኮብራ የሚሉትን ነው። ሥራ ሲለቁ የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋውን እየከፈሉ መቀጠል ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይህን ማቅረብ አለበት። ዋጋው ያስደነግጣል፤ 102 በመቶ ነው፣ የአሠሪውም ድርሻ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ኮብራ የእባብም ስም ስለሆነ ባለቤቴ ሂሳቡ በፖስታ ሲመጣ "እባቡ መጣ?" ይለኝ ነበር።

ኮብራ 18 ወር ነው። ለእኛ ከኤፕሪል 2023 እስከ ሴፕቴምበር 2024። ነገር ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ሰውዬው በኮብራው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ ዲሴብልድ እንደነበረ ከወሰነ 11 ወር ይጨመራል። 18 እና 11 ስንት ነው? 29። ከሜዲኬሩ ጥበቃ ጋር እኩል። ይህን ጭማሪ ለማግኘት ግን የሶሻል ሴኩሪቲን ደብዳቤ በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ፣ 18ቱ ወርም ሳያልቅ፣ ለኢንሹራንሱ አስተዳዳሪ መላክ አለባችሁ። እኔ በሪኮማንዴ ላክሁ፣ ደረሰኙን ከካላንደሩ ጋር አስቀመጥኩ። በጭማሪዎቹ 11 ወራት ዋጋው እስከ 150 በመቶ ሊያድግ ይችላል። እባቡ ወፈረ ማለት ነው።

ለሁሉም ሰው ኮብራ ይሻላል አልልም። ገቢያችሁ ዝቅ ካለ ሜዲኬይድ፣ ካልሆነም ማርኬትፕሌስ የሚባለው የመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ ሊረክስ ይችላል። የሥራው ኢንሹራንስ ካለቀ በኋላ ማርኬትፕሌስ ለመግባት ያላችሁ 60 ቀን ነው። እኛ ሐኪሞቹን መቀየር ስላልፈለግን ነው የተወጠርነው።

በአምስቱ ወር ምን በላችሁ ለምትሉኝ፣ እቁብ። ተራዬ መጨረሻ ላይ ነበር፣ ሴቶቹ ቀየሩልኝ። እኔም ቅዳሜና እሑድ ጨመርኩ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ የምትኖሩ በስቴቱ ሕግ የአጭር ጊዜ የሕመም ክፍያ አላችሁ፤ ሥራ ከማቆማችሁ በፊት ጠይቁ። ኤስ ኤስ አይ የሚባለውም አለ። እሱ አምስት ወር አይጠብቅም፣ ግን ለድሃ ብቻ ነው። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ካለፈ አይሰጥም። የምትኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። እኛ በእኔ ደመወዝ ምክንያት ወደቅን።

ስለ ኤስ ኤስ አይ ካነሳሁ አይቀር፦ ወገን አዝኖ ጎፈንድሚ ሲከፍት ገንዘቡ በታማሚው ስም አካውንት ሲገባ ኤስ ኤስ አዩን ሊያስቆም ይችላል። መደበኛውን ዲሴቢሊቲ ግን አይነካም። መዋጮው ሳይጀመር የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አንድ ነገር ለሹፌሮቻችን። ባለቤቴ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ለዲሴቢሊቲው የበቃው በመጨረሻ ስድስት ዓመት በሆቴሉ ተቀጥሮ፣ ታክሱ ከደመወዙ እየተቆረጠ፣ በደብሊው ቱ ስለሠራ ነው። ክሬዲት የሚሉት ሠርታችሁ ታክስ ስትከፍሉ የሚመዘገብላችሁን ነጥብ ነው። ዕድሜው ከ31 በላይ የሆነ ሰው በጠቅላላው በሚፈለገው ክሬዲት ላይ፣ ከመታመሙ በፊት ባሉት አሥር ዓመታት 20 ክሬዲት፣ ማለትም የአምስት ዓመት ሥራ፣ ሊኖረው ይገባል። በ2025 አንዱ ክሬዲት በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር የሚገኘው፤ በዓመት ከአራት አይበልጥም። በራሱ ለሚሠራ የሚቆጠረው ደግሞ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። ቤንዚኑንም ጎማውንም ማይሉንም አስቀንሶ "ዘንድሮ ታክስ አልከፈልኩም" ብሎ የተደሰተ ወንድማችን፣ ሲታመም ክሬዲት የለህም ተብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ክሬዲቱ ደግሞ ሥራ ካቆማችሁ በአምስት ዓመት ገደማ ይቃጠላል። እየባሰ በሚሄድ ሕመም ሰው "ትንሽ ልየው" እያለ ሰዓቱን እየቀነሰ፣ ቆይቶም ትቶ ዓመታት ያልፋሉ። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ የተመዘገበላችሁን ገቢ ዛሬውኑ እዩ። አሥር ደቂቃ ነው።

ይህን መጻፍ ከበደኝ ግን የጠየቀችኝ እህት አለች። ሰውዬው ሳያመለክት ካረፈ፣ ቤተሰቡ በሦስት ወር ውስጥ በስሙ ማመልከት ይችላል። በአምስቱ ወር ውስጥ ካረፈ ግን የዲሴቢሊቲው ክፍያ የለም። ለልጆችና ለባለቤት የሚሰጠው ሌላ ነው፤ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

የሜዲኬር ካርዱ የመጣው በሜይ 2025 ነው፣ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀድሞ። ቀይና ሰማያዊ መስመር ያላት ወረቀት። ባለቤቴ አሁን ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል፣ ጆሮዬን ወደ አፉ ማስጠጋት አለብኝ። ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ቀኑን በጣቴ አሳየሁት። ኦገስት 1። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ አልኩ።

"እባቡን ግደይው" አለኝ።

የጁላይን ከፈልኩ። የኦገስቱን ሂሳብ ሲልኩ ደውዬ አቋረጥኩት።